አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፦ ነገርን ትቶ ሰውን ስለ መምታት

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ፣ በክርክር መሐል የቀረበውን ሐሳብ ትቶ ሐሳቡን ያቀረበውን ሰው ስለ ማጥቃት የሚጠይቁ ሆነው ስላገኘኋቸው ዓምዱን በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥቼዋለሁ። ጥያቄዎቹን በመጠኑ አሳጥሬአቸዋለሁ፤ በመልሶቹ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ አባል የሆንኩበት ማኅበር በቅርቡ ዓመታዊ ስብሰባውን አድርጎ ነበር። የሒሳብ ሪፖርቱ ተነቦ እንዳበቃ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወጣት እጁን አወጣና፣ በሦስተኛው ገጽ ሠንጠረዥ ላይ የተዘረዘሩት ሰባት ወጪዎች ቢደመሩ ከሥር ከተጻፈው ጠቅላላ ድምር ጋር እንደማይገጥሙ ተናገረ። ሪፖርቱ ሲነበብ ስልኩ ላይ ሲደምር አይቼዋለሁ። ሰብሳቢው ገጹን እንኳ ሳይገልጡ፣ «አንተ አባል ከሆንክ ገና ሦስት ወርህ ነው፤ የሁለቱን ወር መዋጮ አልከፈልክም፤ ስለ ማኅበሩ ገንዘብ አንተ ልትነግረን ነው?» አሉት። አዳራሹ ሳቀ፤ ወጣቱ ተቀመጠ፤ ሪፖርቱም በጭብጨባ ጸደቀ። አልዋሽዎትም፣ እኔም ስቄአለሁ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ ይከነክነኝ ጀመር። ሰብሳቢው የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው፤ ልጁ አዲስ ነው፤ መዋጮም አለበት። እውነት ከተናገሩ ታዲያ ስሕተታቸው ምኑ ላይ ነው? ወይስ ነገሩ የጨዋነት ጉድለት ብቻ ነው? (ሳቁ የጸጸተው አባል)

መልስ፦ የደብዳቤዎ ክብደት ያለው በመጨረሻዎቹ መስመሮች ላይ ነው። ብዙ ሰው ሰብእናን ማጥቃት ሲባል በሌለ ነገር ስም ማጥፋት ይመስለዋል፤ ስለዚህ የተባለው ነገር እውነት ሆኖ ሲያገኘው «ታዲያ ምን አጠፉ?» ብሎ ያልፈዋል። ሕጸጹ፣ ማለትም የአስተሳሰቡ ስሕተት፣ ግን በመንደርደሪያዎቹ፣ ማለትም ለድምዳሜው ምክንያት ሆነው በቀረቡት ሐሳቦች፣ እውነትነት ላይ የተመሠረተ አይደለም፤ የሚገኘው ከመንደርደሪያው ወደ ድምዳሜው በሚደረገው ሽግግር ላይ ነው። ሰብሳቢው ሁለት እውነተኛ መንደርደሪያዎች አቀረቡ፤ አዳራሹ ይዞት የወጣው ድምዳሜ ግን «እንግዲያው ድምሩ ትክክል ነው» የሚል ነው። ከእነዚያ ሁለት እውነቶች ወደዚህ ድምዳሜ ለመሻገር «መዋጮ ያልከፈለ ሰው የሚደምረው ቁጥር ሁሉ ይሳሳታል» የሚል ድልድይ ያስፈልጋል። ሰብሳቢው ይህን ዐረፍተ ነገር አፍ አውጥተው ተናግረውት ቢሆን ኖሮ አዳራሹ ይስቅ የነበረው በወጣቱ ላይ አይሆንም ነበር። ሰባት ቁጥሮች ማንም ቢደምራቸው ድምራቸው ያው ነው።

የአመክንዮ መምህራን ይህን ስሕተት በላቲን ስሙ «አድ ሆሚነም»፣ ማለትም «ወደ ሰውየው» ይሉታል። ነገሩ ከስሙ ይቀድማል። የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ አሪስቶትል፣ በክፍያ የክርክር ጥበብ ያስተምሩ የነበሩትን የሶፊስቶችን ማምታቻዎች በመረመረበት ድርሳኑ፣ አንዳንድ መልስ ለቀረበው ሙግት የተሰጠ መፍትሔ ሳይሆን በጠያቂው ሰው ላይ ብቻ ያነጣጠረ እንደሚሆን ለይቶ አመልክቷል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ1690 ስለ ሰው ልጅ መረዳት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ስያሜውን ሲያነሣ ግን ዛሬ የምንለውን ማለቱ አልነበረም፤ እሱ በዚህ ስም የጠራው፣ ተከራካሪን ራሱ ከተቀበላቸው መርሖች ተነሥቶ ማፋጠጥን ነው። ያም ሆኖ በዚያው ስፍራ ያስቀመጠው ሐሳብ ለእርስዎ ስብሰባ ልክክ ብሎ ይገጥማል፦ አንድ ሰው የእኔን መሳሳት ስላሳየኝ ብቻ እሱ ትክክል ነው ማለት አይደለም።

ሕጸጹ በስብሰባ ላይ ይህን ያህል የሚሠራበት ምክንያት የማስረዳቱን ሸክም ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ስለሚያዞረው ነው። ወጣቱ እጁን ሲያወጣ መልስ የሚጠበቀው ከሰብሳቢው ነበር። እሳቸው ተናግረው ሲያበቁ ግን መልስ መስጠት ያለበት ወጣቱ ሆኖ ተገኘ፤ ያውም ስለ ሦስተኛው ገጽ ሳይሆን ስለ መዋጮው። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች እንደሚባለው ነው፤ የተመለሰው መልስ እውነት ነው፣ የተጠየቀው ጥያቄ ግን አሁንም እንደቆመ ነው። የመዋጮውን ጉዳይ ሰብሳቢው ከስብሰባው በፊትም ያውቁት ነበር፤ የታወሳቸው ግን ድምሩ በተነሣበት ደቂቃ መሆኑን ልብ ይበሉ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው፤ አህያው ሦስተኛው ገጽ ነበር።

ምን ማለት ይቻል እንደነበር አልጠየቁኝም፤ ቢሆንም ልናገር። በእንዲህ ያለ ሰዓት ስለ አመክንዮ ሕጸጽ ትምህርት መስጠት አዳራሹን ይበልጥ ያሰለቸዋል። ይልቁንም ከጎን የተቀመጠ አንድ ነባር አባል፣ መዋጮው በሙሉ የተከፈለ ሰው፣ ተነሥቶ «የልጁን መዋጮ ሒሳብ ሹሙ ይከታተለው፤ እኔ ግን ያንኑ ጥያቄ በራሴ ስም እጠይቃለሁ፤ ሰባቱን ቁጥሮች አሁን አብረን እንደምር» ቢል፣ የሰብሳቢው መልስ በአንድ አፍታ ዋጋ ያጣ ነበር። ጥያቄው ወደ ሌላ አፍ ሲዘዋወር ጉልበቱ ሳይቀንስ ከተገኘ፣ በመጀመሪያው ሰው ላይ የተሰነዘረው ሁሉ ከጉዳዩ ውጭ የነበረ ለመሆኑ ከዚህ የተሻለ መፈተኛ አላውቅም። ደብዳቤዎ እንደሚጠቁመኝ፣ ያ አባል እርስዎ መሆን ይችሉ ነበር፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ከመፈረምዎ በፊት ደግሞ አሁንም ይችላሉ።

ጥያቄ፦ በክርክር ክበባችን ደንብ መሠረት «ደደብ» ወይም ተመሳሳይ ቃል የተናገረ ተከራካሪ «የአመክንዮ ሕጸጽ ፈጽሟል» ተብሎ ነጥብ ይቀነስበታል። ደንቡ ትክክል ነው? (ተማሪ)

መልስ፦ ነጥቡ መቀነሱ ትክክል ነው፤ የተሰጠው ምክንያት ግን አይደለም። «ስሌትህ ሁለተኛው መስመር ላይ ተሳስቷል፤ ሳትመለከተው ማለፍህ ደግሞ ደደብነት ነው» ያለ ተከራካሪ ባለጌ ነው፤ ሙግቱ ግን ጤነኛ ነው፤ ስድቡን ቢፍቁት የቀረው በራሱ ይቆማል። በአንጻሩ «ወንድማችን ቅን ልብ ያለውና የምናከብረው ሰው ነው፤ ሆኖም ያደገው በምቾት ስለሆነ ስለ ድህነት ያቀረበው ሐሳብ ሊያሳስበን አይገባም» የሚለው ንግግር አንድም ክፉ ቃል የለበትም፤ ሕጸጽ ግን ነው፤ ስለ አስተዳደጉ የተባለውን ቢፍቁት ምንም አይቀርም። ዘለፋውን በሥነ ምግባር ደንብ፣ ሕጸጹን በአመክንዮ ደንብ ለየብቻ ብትቀጡ ይሻላል፤ አሁን ባለው ደንባችሁ አንደበተ ለስላሳው አጥቂ ሁልጊዜ ሳይቀጣ ያልፋል።

ጥያቄ፦ ሐኪሜ ማጨስ እንድተው በየቀጠሮዬ ይመክሩኛል። ባለፈው ሳምንት ግን ከሕንፃው ጀርባ ቆመው ሲያጨሱ አየኋቸው። ከዚያ ወዲህ ምክራቸው አልዋጥ ብሎኛል። «እርስዎስ?» ብላቸው ተሳስቻለሁ? (አጫሽ)

መልስ፦ ብትጠይቋቸው ነውር የለበትም፤ ማጨስዎን ለመቀጠል ምክንያት ካደረጉት ግን ተሳስተዋል። ጢሱ በሳንባዎ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ሐኪምዎ ኪሳቸው ውስጥ በያዙት ፓኮ አይለወጥም። «አንተስ?» የሚለው መልስ ከሰብእና ማጥቃት ዓይነቶች ሁሉ በጣም የሚጣፍጠው ነው፤ የሚጣፍጠውም ፍትሕ ስለሚመስል ነው። የአመክንዮ መማሪያ የጻፈው እንግሊዛዊው ሪቻርድ ዌትሊ በ1826 የጠቀሰው ምሳሌ እስከ ዛሬ ይነገራል፦ ለመዝናናት ብለህ ምስኪን እንስሳ ትገድላለህ ተብሎ የተወቀሰ አዳኝ፣ «አንተስ ምንም ያልበደለህን በግና በሬ ለምን ትበላለህ?» ሲል ይመልሳል። መልሱ ወቃሹን ዝም ያሰኘዋል፤ ለመዝናናት መግደል ተገቢ መሆኑን ግን አያሳይም። ምናልባት ሁለቱም ጥፋተኞች ይሆናሉ።

የፈላስፋው የዣን ዣክ ሩሶ ታሪክ ከዚህ ይከብዳል። ሩሶ በ1762 ስለ ልጆች አስተዳደግ ዝነኛ መጽሐፍ አሳተመ፤ ሆኖም የገዛ ልጆቹን፣ አምስቱንም፣ ለተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ የሰጠ ሰው ነበር። ቮልቴር ይህን በ1764 ስሙን ሳይገልጽ ባሳተመው ጽሑፍ ለሕዝብ አወጣው። ሩሶን እንደ ሰው ለመመዘን ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ እኔም አንብቤው በቀላሉ አላለፍኩትም። ነገር ግን ሕፃን በሽምደዳ ሳይሆን በገዛ ልምዱ ቢማር ይሻለዋል የሚለው ሐሳቡ እውነት ወይም ሐሰት የሚሆነው ሕፃናት በእርግጥ በሚማሩበት መንገድ ነው እንጂ በጸሐፊው በደል አይደለም።

አንድ ቦታ ላይ ግን ጥርጣሬዎን እጋራዎታለሁ። ሐኪምዎ «ማጨስ ጎጂ ነው» ከማለት አልፈው «ማቆም እኮ ቀላል ነው፤ ፈቃደኝነት ብቻ ነው የሚጠይቀው» ብለውዎት ከነበረ፣ ከሕንፃው ጀርባ ያዩት ነገር በቀጥታ ይህን ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር የሚቃረን ማስረጃ ነው። ጉዳቱን ከማንም የተሻለ የሚያውቅ ሰው ማቆም ካቃተው ማቆም ቀላል አይደለም። ያኔ የሰውየው ሕይወት ከጉዳዩ ውጭ መሆኑ ቀርቶ ራሱ ማስረጃ ይሆናል።

ጥያቄ፦ አንድ ምርት ለጤና ጎጂ አይደለም የሚል ጥናት አነበብኩ፤ የጥናቱን ወጪ የሸፈነው ምርቱን የሚሸጠው ኩባንያ ራሱ ነው። ይህን ባነሣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ይህ ሰብእናን ማጥቃት ነው፤ ከቻልክ መረጃውን ተች» አለኝ። የጥቅም ግጭትን ማንሣት ክልክል ነው ማለት ነው? (ግራ የተጋባ አንባቢ)

መልስ፦ አይደለም፤ ባልደረባዎም ግን ግማሽ እውነት ይዟል፤ ጥያቄው የዚህ ወር ዋና ጥያቄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ።

ሰው ሐሳቡን እንድንቀበለው የሚያቀርብበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ምክንያቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ «ይኸው እዩት» ማለት ነው፤ ሁለተኛው «እኔ አይቻለሁ፣ እመኑኝ» ማለት ነው። በመጀመሪያው መንገድ የቀረበ ነገር ሁሉ በፊታችን ስላለ የተናጋሪው ማንነት ምንም አይጨምርም፣ ምንም አይቀንስም፤ የማኅበሩ ሰባት ቁጥሮች እንደዚህ ናቸው። በሁለተኛው መንገድ የቀረበው ግን የተንጠለጠለው በተናጋሪው ተአማኒነት ላይ ብቻ ነው። ችሎት ፊት ቀርቦ «ተከሳሹ ሲወጣ አይቻለሁ» የሚልን ምስክር፣ ጠበቃው «መነጽርዎን አድርገው ነበር? ምን ያህል ርቀት ላይ ቆመው ነበር? ከተከሳሹ ጋር የቆየ ጠብ አለዎት?» ብሎ ሲጠይቀው ሕጸጽ አልፈጸመም። ምስክሩ ያስያዘው መያዣ ራሱን ነውና መያዣው ይመረመራል። ያው ጠበቃ ግን ዐቃቤ ሕጉ ከሕጉ አንቀጽ ተነሥቶ ላቀረበው ሙግት «ይህ ሰው ከእኔ ጋር የቆየ ጠብ አለው» ብሎ ቢመልስ ከመስመር ወጥቷል። ካናዳዊው የአመክንዮ ተመራማሪ ዳግላስ ዋልተን ረጅም ዘመኑን ከሠራባቸው ነገሮች አንዱ፣ ወደ ሰውየው የዞረ ሙግት ሁሉ ስሕተት አለመሆኑንና የሚፈረጀውም እንደ ቀረበበት ሁኔታ መሆኑን ማሳየት ነበር።

አንድ ጥናት የሁለቱ ቅልቅል ነው። ስሌቱና ድምዳሜው ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ናሙናው እንዴት እንደተመረጠ፣ ስንት ሙከራ ተደርጎ ስንቱ እንደታተመ፣ ያልተመቸው ውጤት መሳቢያ ውስጥ መቅረት አለመቅረቱ ግን በአመዛኙ በእምነት የምንቀበለው ነው። የገንዘብ ምንጩ የሚነካው ይህን በእምነት የተወሰደውን ክፍል ነው። ስለዚህ «ኩባንያው ስለከፈለ ጥናቱ ሐሰት ነው» ካሉ ሕጸጽ ነው፤ «ኩባንያው ስለከፈለ፣ ጥናቱ ሳይጀመር የተጻፈውን ዕቅድና ጥሬ መረጃውን ማየት እፈልጋለሁ፤ ጥቅም የሌለው ሌላ ቡድን እስኪደግመውም ሙሉ እምነቴን አልሰጥም» ካሉ ግን ጥንቃቄ ነው። ልዩነቱ ያለው «ስለዚህ» ከሚለው ቃል በኋላ በሚከተለው ነገር ላይ ነው።

ለዚህ የማውቀው ከሁሉ የበለጠ ምሳሌ የሮናልድ ፊሸር ነው። ፊሸር ከዘመናዊው ስታቲስቲክስ መሥራቾች አንዱ ነው። ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል በ1950 ሲጋራ ማጨስና የሳንባ ካንሰር የተያያዙ መሆናቸውን የሚያሳይ ጥናት ካሳተሙ በኋላ፣ በ1951 ደግሞ ወደ 40 ሺህ የሚጠጉ የብሪታንያ ሐኪሞችን መከታተል ጀመሩ። ፊሸር ከ1957 ጀምሮ ድምዳሜያቸውን ተቃወመ። ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸው አንዱ የሌላው መንስኤ ነው ማለት እንዳልሆነ አስታወሰ፤ ማጨስንም ካንሰርንም የሚያመጣ አንድ በዘር የሚወረስ ዝንባሌ ሊኖር ይችላል ሲል ተሟገተ። ፊሸር ራሱ ፒፓ የሚያጨስ ሰው ነበር፤ ለብሪታንያ ትምባሆ አምራቾችም በአማካሪነት ይሠራ ነበር።

«የትምባሆ ሰው ነው፣ ተዉት» ማለት እንዴት ያጓጓል! እንዲያውም ሰውየው ተሳስቶ ስለነበር፣ እንዲህ ያለ ሁሉ መጨረሻው ላይ ትክክለኛ ድምዳሜ ይዞ ይገኝ ነበር። ነገር ግን የፊሸር ተቃውሞ የተገነባው ማንም ሊመረምረው በሚችል ምክንያት ላይ ነው፤ ያንኑ ተቃውሞ ሲጋራ ነክቶ የማያውቅ ሰው ቢያነሣውም መልስ ይሻ ነበር። መልሱም መጣ። ጄሮም ኮርንፊልድና ባልደረቦቹ በ1959 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዲህ ሲሉ አሰሉት፦ አጫሾች በሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከማያጨሱት ዘጠኝ እጥፍ ከሆነ፣ ይህን ልዩነት ብቻውን ሊያስረዳ የሚችል ስውር መንስኤም ቢያንስ ከማያጨሱት ይልቅ በአጫሾች ዘንድ ዘጠኝ እጥፍ መገኘት አለበት። እንዲህ ያለ የዘር ዝንባሌ ማንም አላገኘም። ማጨስ ያቆሙት ሐኪሞች የካንሰር አደጋ እየቀነሰ መሄዱም የዘር መላምቱን ይበልጥ አዳከመው፤ ሰው ሲጋራውን ሲጥል ዘሩን አይጥልምና። ፊሸር የተሸነፈው በዚህ ነው። ስለ ገንዘቡ ብቻ ተወርቶ ቢቀር ኖሮ የኮርንፊልድን ስሌት የሚያህል መሣሪያ ባላገኘን ነበር፤ ያ ስሌት እስከ ዛሬ ስውር መንስኤ በተጠረጠረበት ጥናት ሁሉ ያገለግላል።

ባለፈው መልሴ ለአጫሹ ጠያቂዬ መጨመር የነበረብኝን እዚህ ልጨምር፦ ዶልም አጫሽ ነበር፤ የገዛ ጥናቱን ውጤት ሲያይ ነው ያቆመው።

ጥያቄ፦ በመሥሪያ ቤታችን ስለ አዲስ አሠራር ልንወያይ ተሰብስበን ሳለ ኃላፊያችን መድረኩን የከፈቱት «ይህን አሠራር የሚቃወሙት ለውጥ የሚፈሩና ከአሮጌው የሚጠቀሙ ብቻ ናቸው፤ አሁን ሐሳብ ስጡ» በማለት ነበር። ማንም አልተናገረም። ማንንም በስም አልጠሩም፤ ይህም ያው ሕጸጽ ነው? (ዝም ያለች ሠራተኛ)

መልስ፦ ያው ነው፤ ልዩነቱ ጥቃቱ ሐሳቡ ሳይነገር መቅደሙ ነው። ስሙ «የውሃ ጉድጓዱን መመረዝ» ይባላል፤ ስያሜው የሚያያዘውም ከጆን ሄንሪ ኒውማን ጋር ነው። ከአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ወጥቶ የካቶሊክ ካህን የሆነው ኒውማን፣ በ1864 ቻርልስ ኪንግስሊ የተባለ ጸሐፊ «የሮም ካህናት እውነትን ለእውነትነቷ ብለው አያከብሩም» የሚል ክስ ሲያነሣበት ያስተዋለው ነገር፣ ከዚህ ክስ በኋላ ምንም ቢናገር እንደማይታመን ነው፤ ክሱን በካደ ቁጥር ክህደቱ ራሱ የክሱ ማረጋገጫ ይሆናል። ኃላፊዎ ያደረጉትም ይህንኑ ነው። ተቃውሞ ያላት ሠራተኛ አፏን በከፈተች ቅጽበት «ፈሪ» የሚለውን ማዕረግ ለራሷ ትሰጣለች፤ ዝም ስትል ደግሞ ዝምታዋ እንደ ስምምነት ተመዝግቦ ይወጣል።

ጉድጓዱ የሚመረዘው በጥቅም ወይም በፍርሃት ክስ ብቻ አይደለም፤ በትውልድም ይመረዛል። ፊሊፕ ሌናርድ በ1905፣ ዮሐንስ ሽታርክ በ1919 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙ ጀርመናውያን ነበሩ፤ ሁለቱም የአንስታይንን የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ «የአይሁድ ፊዚክስ» ብለው ለማስጣል ዘመቱ። የሚያሳዝነው ሁለቱም ንድፈ ሐሳብን በምን መመዘን እንደሚገባ ከማንም በላይ ያውቁ የነበሩ መሆናቸው ነው። በግንቦት 29 ቀን 1919 የፀሐይ ግርዶሽ ወቅት የተነሡት ፎቶግራፎች፣ የከዋክብት ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚጎብጥ ሲለኩ የአንስታይንን ስሌት ደግፈዋል፤ የፎቶግራፉ መስታወት ስሌቱን የሠራው ሰው ከማን እንደተወለደ የሚመዘግብበት ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ ጠያቂዬ፣ ይህን ሕጸጽ ዕውቀት ብቻውን ይከለክለዋል ብለው አይጠብቁ።

ለሚቀጥለው ስብሰባ የምመክረው፣ ተቃውሞዎን እንደ ተቃዋሚ ሳይሆን እንደ ጥያቄ በጽሑፍ አስቀድመው ማስገባት ነው፤ «አዲሱ አሠራር በወሩ መጨረሻ የሚመጣውን የሥራ መደራረብ እንዴት ይፈታዋል?» የሚል ጥያቄ ፈሪም ደፋርም ሊጠይቀው ይችላል።

ጥያቄ፦ ስለ ሕጸጾች ካነበብኩ ወዲህ ተከራካሪዬ ስለ እኔ ክፉ ቃል በተናገረ ቁጥር «ሰብእናዬን አጠቃህ፤ ተሸነፍክ» እለዋለሁ። ጓደኞቼ ግን ከእኔ ጋር መከራከር ሰለቻቸው። ጥፋቴ ምንድን ነው? (ሁልጊዜ አሸናፊ)

መልስ፦ ጥፋትዎ ሕጸጹን ራስዎ መፈጸምዎ ነው። «ተሳዳቢ ስለሆንክ ሐሳብህ ውድቅ ነው» ማለት ስለ ሰውየው ጠባይ ተናግሮ ስለ ሐሳቡ መደምደም ነውና ያው ወደ ሰውየው የዞረ ሙግት ነው። ሰው የተሳሳተ ምክንያት እያቀረበ ትክክለኛ ነገር ሊናገር ይችላል፤ እየተሳደበም ትክክል ሊሆን ይችላል።

ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለውን ሐኪም ያስቡት። በ1847 በቪየና ጠቅላላ ሆስፒታል፣ የሕክምና ተማሪዎች አስከሬን ከሚመረምሩበት ክፍል ተነሥተው ወደ ማዋለጃው ሲገቡ እጃቸውን በክሎሪን ውሁድ እንዲታጠቡ አዘዘ፤ በሚያዝያ ወር ከ100 ወላዶች 18 ያህሉ ይሞቱበት በነበረው ክፍል በሰኔ ሟቾቹ ወደ 2 ገደማ ወረዱ። ብዙ ባልደረቦቹ ግን አልተቀበሉትም። ዜመልቫይስ በስተኋላ፣ በ1861 እና በ1862፣ ታዋቂ የማዋለድ ሐኪሞችን በስም እየጠራ ነፍሰ ገዳዮች የሚል ግልጽ ደብዳቤ ጻፈባቸው። እርስዎ በቦታው ቢኖሩ «ሰብእናን አጠቃህ፤ ተሸነፍክ» ብለው መዝገቡን ይዘጉት ነበር፤ እናቶቹም መሞታቸውን ይቀጥሉ ነበር። ስድቡ አልጠቀመውም፤ ለተቃዋሚዎቹም ጥሩ ሰበብ ሆናቸው፤ ቁጥሮቹ ግን አልተለወጡም። እሱ በ1865 በአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ ሞተ።

ስለዚህ ሕጸጽ ባገኙ ቁጥር ማለት የሚገባዎ «ይህ ምክንያት ድምዳሜህን አይደግፈውም፤ ሌላ ምክንያት አለህ?» ነው። ካለው ይስሙት። ከሌለውም ድምዳሜው ገና አልተረጋገጠም ማለት ነው እንጂ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ጓደኞችዎን የሰለቻቸው መሸነፍ አይመስለኝም፤ ሐሳባቸውን የሚሰማ ሰው ማጣታቸው ነው።

ጥያቄ፦ ለድርጅታችን የሠራተኞች ማኅበር ገንዘብ ያዥነት የሚወዳደር ሰው ቀደም ሲል በሠራበት ማኅበር ገንዘብ አጉድሎ መመለሱ በሰነድ ተረጋግጧል። ይህን በምርጫው ላይ ባነሣ ሕጸጽ ይሆንብኛል? (መራጭ)

መልስ፦ አይሆንብዎትም። «ማኅበሩ ገንዘቡን ለዚህ ሰው አደራ ይስጠው?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ስለ ሰውየው ነው፤ የተጠየቁበትን ነገር መመለስ ከነገር መውጣት አይደለም። ሰነዱን ይዘው ያንሡት፤ ያለ ሰነድ ከሆነ ግን ሐሜት ነው። ሰውየውም መልስ ካለው በዚያው መድረክ ይስጥ። በዚያው ስብሰባ የማኅበሩ ቁጠባ በምን መልክ ቢቀመጥ እንደሚሻል ዕቅድ ካቀረበ ደግሞ፣ ዕቅዱን ያለፈ ታሪኩን ሳያነሡ በዕቅድነቱ ይመርምሩት፤ ጥሩ ሆኖ ከተገኘ ማኅበሩ ሌላ ገንዘብ ያዥ መርጦ ሊሠራበት ይችላል። ድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ የሚጻፈው ስም እንጂ ዕቅድ አይደለም።